ከመሥራታችን በፊት እንጠይቅ
(በቡሹሎ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



እኛ አናጢዎችና ግንበኞች ነን። የመጣነው ስለ አንድ ነገር ብቻ ልንነግራችሁ ነው። ለሽማግሌ፣ ለአሮጊት፣ ለዓይነ ስውር ወይም እግሩ ለማይታዘዝለት ሰው አንድ ነገር ስንሠራ መጀመሪያ ማንን መጠየቅ አለብን?

መልሱ ቀላል ይመስላል። እኛም ቀላል መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ተሳሳትን። የተማርነውም ከስሕተታችን ነው። ስለዚህ ንግግራችንን ከስሕተታችን እንጀምር።

1. የእማማ መጸዳጃ ቤት

ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ አንዲት እናት ይኖራሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ እማማ እንበላቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የሚሄዱትም በምርኩዝ ነው። ሲመሽ ዓይናቸው አያይላቸውም። አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ናት። መጸዳጃ ቤት ስላልነበራቸው ወደ እንሰቱ ጓሮ ይወጡ ነበር።

እኛም ተመካከርንና «ለእማማ መጸዳጃ ቤት እንሥራላቸው» አልን። ጉድጓድ ቆፈርን። በላዩ ላይ ሲሚንቶ አነጠፍን። ጎርፍ እንዳይገባበት ወለሉን ከፍ አድርገን ሁለት ደረጃ ሠራን። ግድግዳውን በጭቃ መረግን፤ ጣሪያውን ቆርቆሮ አለበስን፤ በር ገጠምን። ሥራው በአራት ቀን አለቀ። እማማ ቡና አፍልተው «እጃችሁ ይባረክ» ብለው መረቁን። እኛም ደስ ብሎን ወደየቤታችን ተመለስን።

ከሁለት ወር በኋላ በዚያ በኩል ስናልፍ ወደ ግቢያቸው ጎራ አልን። ወደ መጸዳጃ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ሣር በቅሏል። በሩንም ሸረሪት አድርቶበታል። «እማማ፣ መጸዳጃ ቤቱ እንዴት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «በጣም ጥሩ ነው ልጆቼ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉን።

እውነቱን የነገረችን የልጅ ልጃቸው ናት። «አያቴ ከቀትር በኋላ ውሃ አትጠጣም። የማታ ቡናም ትታለች። ሌሊት ሽንቴ ይመጣብኛል ብላ ትፈራለች» አለችን።

ይህን ስንሰማ አፈርን። እስቲ አስቡት! በእንስራ ውሃ ሞልቶ እያለ ሰው ይጠማል። የሚጠማውም እኛ የሠራነው ቤት ስላልሆነው ነው።

2. «አይንገሩን፤ ያሳዩን»

እኛም ከእማማ አጠገብ እንደ ተማሪ ተቀመጥን። «እማማ፣ አይንገሩን፤ ያሳዩን» አልናቸው። አብረናቸው ከቤት እስከ መጸዳጃው ድረስ ቀስ ብለን ሄድን። በዚያች አጭር መንገድ አራት ጥፋት አየን።

አንደኛው ደረጃው ነው። ለእኛ አንድ እርምጃ የሆነው ለእማማ ጉልበት ገደል ነው።

ሁለተኛው በሩ ነው። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ሲሳብ ሰው ወደ ኋላ ይራመዳል። ከኋላ ያለው ደግሞ ያ ደረጃ ነው። እማማ አንድ ቀን ሊወድቁ ሲሉ ለጥቂት ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ አልሄዱም።

ሦስተኛው ጨለማው ነው። መስኮት አላበጀንለትም።

አራተኛው ከሁሉም የባሰ ነው። እማማ ቁጢጥ ማለት ይችላሉ፤ መነሣት ግን አይችሉም። «ብወድቅ ማን ይሰማኛል?» አሉን።

«ታዲያ ቤት ውስጥ ሲቀመጡ እንዴት ይነሣሉ?» ብለን ጠየቅን።

«ምሰሶዬን ይዤ ነዋ!» አሉን።

ገብተን ምሰሶውን አየነው። እጃቸው በሚያርፍበት ቦታ ላይ እንጨቱ ለስልሶ ያብረቀርቃል። ሥራችንን በጨረስን ቀን ቡናውን የጠጣነው ከዚያው ምሰሶ አጠገብ ተቀምጠን ነበር። መፍትሔው ከፊታችን ቆሞ ሳለ አላየነውም።

እንግዲህ «መጸዳጃው ውስጥም ምሰሶ እንትከልልዎ» አልናቸው። አንዱ ባልደረባችን «በቀኝ በኩል ይሁን፤ ሰው የሚበረታው በቀኝ እጁ ነው» አለ። እማማ ሳቁ። ከዓመታት በፊት እንጨት ተሸክመው ሲወድቁ የቀኝ ትከሻቸው ተጎድቷል። ምርኩዛቸውን የሚይዙት በግራ እጃቸው መሆኑን እንኳ አላስተዋልንም ነበር።

ስለዚህ ምሰሶውን ቶሎ አልቀበርነውም። አንዳችን ይዘነው ቆምን፤ እማማ ሞከሩት። ወደ ግራ አዛወርነው። እንደገና ሞከሩት። «አንድ ስንዝር ወደ ፊት» አሉ። ያን ጊዜ ቆፍረን ተከልነው።

ደረጃውን አፍርሰን በድንጋይና በአፈር ዘቅዘቅ ያለ መንገድ ሠራን። በሩ ወደ ውስጥ ቢከፈት ሰው ውስጥ ሲወድቅ በሩን ይዘጋዋል፤ የሚረዳውም ሰው መግባት አይችልም። ይህን ብንነግራቸው እማማ «በሩን ውሰዱት፤ መጋረጃ ይበቃኛል» አሉ። ከጣሪያው ሥር መስኮት ከፈትን። ቀዳዳ ያለው የእንጨት መቀመጫም ሁለት ዓይነት አመጣንላቸው፤ አንዱ ከፍ ያለ፣ አንዱ ዝቅ ያለ። እኛ ከፍ ያለውን ይመርጣሉ ብለን ነበር። እማማ ግን አጭር ናቸው፤ ከፍ ባለው ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይነካም። ዝቅ ያለውን መረጡ። በመጨረሻም ከቤታቸው በር እስከ መጸዳጃው ድረስ ችካል ተክለን ገመድ ዘረጋን። ሌሊት ገመዱን በእጃቸው እየዳሰሱ ይሄዳሉ።

ይህ ሁሉ ሥራ አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። አስቀድመን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ የበሩ ሳንቃ፣ የደረጃው ሲሚንቶና የብዙ ቀን ድካም ይተርፍ ነበር። እማማም ሁለት ወር ሙሉ አይጠሙም ነበር።

3. ይሉኝታ እውነትን ይደብቃል

እማማ መጀመሪያ ስንጠይቃቸው «በጣም ጥሩ ነው» ያሉን ለምንድን ነው? ውሸታም ስለሆኑ ነው? አይደለም። ይሉኝታ ይዟቸው ነው። «በነጻ የሠሩልኝን ነገር እንዴት አቃቂር አወጣለሁ? ምስጋና ቢስ ይሉኛል» ብለው ነው።

ይህን ጠባይ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን አድገናል። ነገር ግን አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል ሌላ ተረትም አላቸው። ለጤናና ለኑሮ በሚሆን ነገር ላይ የሚሻለው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ጠያቂው ብልሃት ያስፈልገዋል። «ወደዱት ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ መልሱ ምንጊዜም «አዎን» ነው። የሚሻለው «እስቲ ሲጠቀሙበት ያሳዩን» ማለት ነው። ወይም ሁለት ዓይነት ዕቃ አቅርቦ «ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» ማለት ነው። ሰው ከሁለት አንዱን ሲመርጥ ሰጪውን ያስቀየመ አይመስለውም።

4. የተማሩ ሰዎችም ተሳስተዋል

ሳይጠይቁ የሚሠሩት እኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሌላው ዓለም ብዙ የተማሩ ሰዎችም በዚሁ ተሳስተዋል።

እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። ማንበብ ምን ያህል እንደሚያስደስት ታውቃላችሁ። ለመሆኑ ዓይነ ስውር እንዴት ያነባል?

ከ200 ዓመት በፊት በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱን የሚመሩት ዓይናማዎች ነበሩ። እነርሱ የሚያውቁትን ፊደል በወረቀት ላይ እያሳበጡ መጻሕፍት አሠሩ። ተማሪው ፊደሉን በጣቱ እንዲዳስሰው ነው። ለዓይን ያምር ነበር። ለጣት ግን አስቸጋሪ ነበር። መጽሐፉ ትልቅና ከባድ ነው፤ ንባቡም አዝጋሚ ነው። ተማሪዎቹም በዚያ መንገድ ራሳቸው መጻፍ አይችሉም ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዱ ሉዊ ብሬል ይባላል። የተወለደው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1809 ነው። አባቱ የፈረስ ኮርቻና ልጓም የሚሠራ ቆዳ ሠራተኛ ነበር። ሉዊ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ ወደ ሌላው ዓይኑም ተዛመተና ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ።

በዚያን ጊዜ አንድ የጦር መኮንን በጣት የሚነበብ፣ በ12 ነጥቦች የሚጻፍ ጽሕፈት አውጥቶ ነበር። ብሬል ዳሰሰው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን 12ቱ ነጥቦች በአንድ ጣት ሥር አይገቡም። ይህን ዓይናማው መኮንን አላወቀም፤ የሚያነብበት ልጅ ግን አወቀ። ብሬል በ1824፣ በ15 ዓመቱ፣ ነጥቦቹን ወደ 6 አወረዳቸው። ትምህርት ቤቱ ግን ጽሕፈቱን በይፋ የተቀበለው በ1854 ነው፤ ብሬል ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ። ዛሬ ያ ጽሕፈት በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። አማርኛም በብሬል ይጻፋል። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ፤ ዓይነ ስውራን ልጆች እዚያ ይማራሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሕንድ አገር ነው። እግራቸው የተቆረጠ ገበሬዎች ከውጭ አገር የመጣ ሰው ሠራሽ እግር ይሰጣቸው ነበር። ያ እግር ግትር ነው። ጫማ ካልተጫማ አይሄድም። በእርሱ ቁጢጥ ማለት አይቻልም። በረጠበ እርሻ ውስጥም አይሆንም። የሠሩት ሰዎች ወንበር ላይ ለሚቀመጥና በጠፍጣፋ ወለል ላይ ለሚሄድ ሰው አስበው ነው። ስለዚህ ብዙው ገበሬ እግሩን አውልቆ ወደ ክራንቹ ይመለስ ነበር።

በጃይፑር ከተማ ሴቲ የሚባል ሐኪምና ራም ቻንድራ ሻርማ የሚባል የእጅ ባለሙያ ይህን አዩ። ሻርማ ትምህርት ቤት ብዙ የቆየ ሰው አልነበረም፤ እጁ ግን የሠለጠነ ነው። ሁለቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ከጎማና ከእንጨት የተሠራ እግር አወጡ። መልኩ ባዶ እግር ይመስላል። ያለ ጫማ ይኬድበታል። በእርሱ ቁጢጥ ይባላል፤ እርሻም ይገባል። «የጃይፑር እግር» የሚባለው ይህ ነው። ቁም ነገሩ የገበሬውን ኑሮ ከገበሬው መማራቸው ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከጎረቤታችን ከወላይታ ነው። ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ታውቁታላችሁ። ይህ በሽታ እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በአገራችን ሲሠራ ብዙ ደክሞበት ያስረዳው ይህንን ነው። መከላከያው እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብና ጫማ መጫማት ነው።

ነገር ግን እግሩ ያበጠ ሰው ከገበያ የሚገዛው ጫማ አይገባለትም። በወላይታ ሶዶ ይህን በሽታ ለመከላከል የተቋቋመ ማኅበር ምን አደረገ? ታመው የነበሩትን ሰዎች ራሳቸውን የጫማ ሥራ አስተማረ። እነርሱም የያንዳንዱን ሰው እግር እየለኩ ሰፊ ጫማ ይሠሩ ጀመር። ያበጠ እግር የት ላይ እንደሚጫን፣ የት ላይ እንደሚቆስል፣ ባለቤቱ ካልነገረን ማን ይነግረናል? እዚያ ግን ጠያቂውና ተጠያቂው አንድ ሰው ሆነ።

5. መጠየቅ ብቻ የማይበቃበት ጊዜ አለ

አሁን አንድ ነገር እንጨምር። አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ጉዳቱ አይታወቀውም።

በአዲስ አበባ አለርት የሚባል ሆስፒታል አለ። የተመሠረተው በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሕክምናና ለባለሙያዎች ማሠልጠኛ ነው። የሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል። ነገር ግን ሕክምናው ከዘገየ ነርቭን ይጎዳል፤ እግርም መደንዘዝ ይጀምራል። የደነዘዘ እግር እሾህ ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው አይሰማውም። እንዲህ ያለውን ሰው «ጫማው ተመቸህ ወይ?» ብንለው «ተመቸኝ» ይላል። አልዋሸም፤ አልተሰማውም እንጂ።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ሰውየው በጫማው ጥቂት ይራመዳል። ከዚያም ጫማውን አውልቆ እግሩ ይታያል። የቀላ ቦታ ካለ ጫማው እዚያ ላይ ይጫነዋል ማለት ነው። ስለዚህ ጫማው ይስተካከላል። ባለቤቱም እግሩን በየቀኑ እንዲመለከት ይማራል። እንግዲህ ጆሮም ዓይንም ያስፈልጋሉ ማለት ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። አንድ ሰው ጠይቀን የሁሉን መልስ አገኘን አንበል። ለምሳሌ ያህል በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የበሩ ደፍ እንዲነሣለት ይፈልጋል። ዓይነ ስውሩ ደግሞ በሩ መድረሱን የሚያውቀው ያንኑ ደፍ በምርኩዙ ሲነካ ነው። አንዱን ብቻ ብንጠይቅ ሌላውን እንጎዳለን። ሁለቱን አንድ ላይ ብናነጋግር ግን መላ ይገኛል። ደፉ ይነሣል፤ በምትኩ ከበሩ ፊት ሸካራ ድንጋይ ይነጠፋል። ወንበሩ በላዩ ያልፋል፤ ምርኩዙም ይለየዋል።

6. እንዴት እንጠይቅ?

ከዚህ ሁሉ የተማርነውን በአጭሩ እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ወደ ሰውየው ቤት እንሂድ። ሰው ኑሮውን የሚያሳየው በቤቱ ነው።

ሁለተኛ፣ የምናነጋግረው ራሱን ባለቤቱን ነው። ልጁን ወይም ጎረቤቱን ጠይቀን ባለቤቱን አንዝለል። መስማት ለተሳነው ሰው የእጁን ምልክት የሚያውቅ ሰው ይዘን እንቅረብ።

ሦስተኛ፣ ራሱ የፈለሰፈውን ብልሃት እንፈልግ። የእማማን ምሰሶ አስታውሱ።

አራተኛ፣ መጀመሪያ በርካሽ ነገር እንሞክር። ከመቅበር በፊት ይዞ መቆም፣ ሲሚንቶ ከማፍሰስ በፊት በድንጋይ ደርድሮ ማሳየት ይቻላል።

አምስተኛ፣ ባለቤቱ ይሞክረው፤ እኛ ዝም ብለን እንይ።

ስድስተኛ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ በወሩ ተመልሰን እንሂድ። መንገዱ ላይ ሣር በቅሎ እንደሆነ እንይ።

ወገኖቻችን፤

ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ የጎላ የአካል ጉዳት አለበት። ዕድሜ ከሰጠን ደግሞ ሁላችንም ምርኩዝ እንይዛለን።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት መንግሥታት አካል ጉዳተኞችን በሚመለከት ጉዳይ ራሳቸውን አካል ጉዳተኞችን እንዲያማክሩ ያዛል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰውና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። ስለዚህ በቀበሌያችን ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሲሠራ «እኛንስ ጠይቃችኋል?» ማለት ልመና አይደለም፤ መብት ነው።

ከሕጉም በፊት የሲዳማ አባቶች «አፊኒ» ይሉ ነበር። ይህን ቃል እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። ነገሩ ሳይሰማና ሳይመከርበት አይቆረጥም። እንግዲህ ለመሬት ክርክርና ለዕርቅ የምንሠራበትን ሥርዓት ለምርኩዝ፣ ለወንበርና ለመጸዳጃ ቤትም እናውለው።

ስለ እማማ አንድ ነገር ነግረናችሁ እንሰናበት። አሁን የማታ ቡናቸውን ይጠጣሉ። ባለፈው ሳምንት ስንጠይቃቸው ከበር ላይ ሆነው «ገመዱ ላልቷል፤ ምን ዓይነት ሠራተኞች ናችሁ? አጥብቁልኝ እንጂ!» ብለው ተቆጡን። ከመጀመሪያው ምርቃት ይልቅ ይህ ቁጣ ደስ አሰኘን። ወዲያው ገመዱን አጠበቅነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እማማ ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት የተዉት ለምንድን ነው?
2. አናጢዎቹ ምሰሶውን ወዲያው ያልቀበሩት ለምንድን ነው?
3. ሉዊ ብሬል ያወቀው፣ ዓይናማው መኮንን ግን ያላወቀው ነገር ምን ነበር?
4. እግሩ የደነዘዘ ሰው ጫማው እንደሚጎዳው በምን ይታወቃል?
5. በመንደራችሁ አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ የማይጠቀምበት ጉድጓድ፣ መንገድ ወይም ቤት አለ? ባለቤቱን ጠይቃችሁ መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።